በኮርቻው ሥር ያሳለፍኩት ቱቦ

ኮረብታው በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ስም ያወጣንለት እኛ ነን፤ ራሰ በራው አልነው። ዛፍ የለውም፣ ቁጥቋጦ የለውም፤ ጫፉ ላይ ሰው ከቆመ ከሩቅ ይታያል። ከሻምበላችን ዋና ምሽግ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ፊት ወጣ ብሎ ነበር። ሰባት ሰዎች እዚያ ላይ ቃፊር ሆነው ይውሉ ነበር፣ ያድሩም ነበር።

የቴፒ ወጣቶች ስለ ድንበሩ ጦርነት ሲጠይቁኝ ስንት ሰው ገደልክ ማለት ይወዳሉ። አላውቅም። መካኒክ ነበርኩ። ጠብመንጃ ነበረኝ፣ ተኩሻለሁም፤ ማንን እንደመታሁ ግን አላየሁም። በእርግጥ የማውቀው አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን ጎማ ቱቦ ያለ ቦታዋ ማሳለፌን ነው። የኔ የጦር ሜዳ ወሬ ይኸው ነው፤ ጀግንነት የሚፈልግ ሌላ ሰው ይጠይቅ።

ወደ ጦሩ ከመግባቴ በፊት ቴፒ አካባቢ በአንድ የቡና እርሻ ጋራዥ እሠራ ነበር። እዚያ አንድ ያረጀ የእንግሊዝ ሞተር ሳይክል ነበር፤ የእርሻው ተቆጣጣሪ በቡናው መሃል ይዞርበት የነበረ። ከኔ ዕድሜ ይበልጣል። ሙያውን ያስተማሩኝ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ያን ሞተር እንደ ልጃቸው ያዩት ነበር፤ ሲቆጡት እንኳ በስሙ እየጠሩ ነው።

ለማያውቅ ላስረዳ። የሞተር ፒስተን ወደ ታች በወረደ ቁጥር ከሥሩ ያለውን አየር ይገፋል። ያ አየር መውጫ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሞተሩ ሆድ አንድ ቀጭን ቱቦ ይወጣል፤ መተንፈሻው ነው። ቱቦው ከታፈነ አየሩ ዘይቱን እየገፋ ባገኘው ቀዳዳ ሁሉ ያስወጣዋል። ያረጀ የእንግሊዝ ሞተር ደግሞ ቀዳዳ አያጣም።

እንግሊዞቹ ሲሠሩት ቱቦውን ወደ ታች አውርደው፣ በኋላ ጭቃ መከላከያው ጎን አሳልፈው፣ አፉን ሰንሰለቱ አጠገብ ያደርጉታል። እኛ አገር ይህ አይሆንም። ከቴፒ እስከ ሸኮ ስንት ጅረት እንዳለ በእግሩ የሄደ ያውቀዋል። ክረምት ላይ ሞተሩን አስነስቶ ወንዝ ውስጥ የሚገባ ሰው ቱቦው ከታች ከሆነ ውሃ ይስብበታል። ስለዚህ በኛ ጋራዥ መተንፈሻ ቱቦ ወደ ታች አይንጠለጠልም። ወደ ላይ ይወጣል፣ በኮርቻው ሥር ያልፋል፣ አፉ ወደ ኋላ ይዞራል። ጋሽ ወልዴ፣ «ውሃው ጉልበትህን ሳያልፍ ሞተርህ አይጠጣ» ይሉ ነበር። ይህን ይዤ ነው ወደ ሰሜን የሄድኩት።

በጦርነቱ ሁለተኛ ዓመት ላይ ሻምበላችን ራሰ በራውን ፊት ለፊት የሚያይ ደረቅ ሜዳ ላይ መሸገ። ሬዲዮ ነበረን፤ ግን የምንናገረውን ወዲያ ማዶ ያሉት ስለሚሰሙት ዋና ዋና ትእዛዝ በሬዲዮ እንዳይሄድ ተከልክሎ ነበር። ለቃፊሩ የስልክ መስመር ተዘርግቷል። መስመሩ ሲቆረጥ መልእክት በእግረኛ ይሄድ ነበር፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ጠዋት የሻምበሉ አዛዥ፣ ሻምበል አዱኛ፣ አስጠሩኝ። ከኋላ ካለው ከተማ፣ ከአንድ አሮጌ መጋዘን የወጣ ሞተር ሳይክል በጭነት መኪና አስመጥተዋል።

«ይሄን ታውቀዋለህ?» አሉኝ።

«ወንድሙን አውቀዋለሁ፣ ሻምበል» አልኳቸው።

ወንድሙ ስል የቴፒውን ሞተር ማለቴ መሆኑን ሳስረዳቸው ብዙም አልሳቁም። «በሦስት ቀን አስነሳው» ብለው ሄዱ።

በአራተኛው ቀን ተነሳ። ወታደሩ ሽማግሌው የሚል ስም አወጣለት፤ ጠዋት ጠዋት ስለሚያስለው። የሚነዳው ማቴዎስ ሆነ። ማቴዎስ የሸኮ ልጅ ነው፤ አገሩ ሳለ የቤተ ክርስቲያናቸውን ወንጌላዊ በሞተር ከቀበሌ ቀበሌ ያመላልስ ነበር። ቀጭን ነው። ሲነዳ በራሱ ቋንቋ መዝሙር ይዘምራል፤ ከሞተሩ ድምፅ ጋር ሲደባለቅ የሚሰማው እሱ ብቻ ነው። ሁለታችን የአንድ አገር ዝናብ የመታን ስለሆንን ቶሎ ተዋደድን።

የመተንፈሻው ቱቦ በፀሐይ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነበር። ከተበላሸ መኪና አንድ ቀጭን ጎማ ቆርጬ አዲስ አደረግሁለት። የድሮው ቱቦ ያለፈበትን የማሰሪያ ቀዳዳ በጭቃ መከላከያው ጎን አይቼዋለሁ። አይቼው ተውኩት። ወደ ላይ አወጣሁት፣ በኮርቻው ሥር አሳለፍኩት፣ አፉን ወደ ኋላ አዞርኩት፤ ልክ እንደ ቴፒው።

ያን ጊዜ የቃፊሩ መሪ አስር አለቃ ከድር ስንቅ ሊወስድ ወርዶ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ነበር። የጅማ በኩል ሰው ነው፤ ነገር አያልፈውም።

«ምን ሊያደርግልህ ነው ወደ ላይ የምትሰቅለው?» አለኝ።

«ወንዝ ሲሻገር ውሃ እንዳይገባው።»

ከድር ዙሪያውን አየ። አሸዋና ድንጋይ ነው። «በየነ፣ እኔ የሚጠጣ ውሃ በኮዳ ተሰፍሮ ነው የሚሰጠኝ። ወንዙን ስታገኘው መጀመሪያ እኔን ጥራኝ» አለ።

የሰማው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄ ማሰሪያውን አጠበቅሁ። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ ለሩብ ሰዓት ያህል አቆየሁት። እጄን ቱቦው አፍ ላይ ባደርግ ትንፋሹ ይመጣል። አንዲት ጠብታ ዘይት የለም። ደስ አለኝ።

ከአንድ ወር በላይ ሽማግሌው ያለ ችግር ሠራ። ማቴዎስ ጠዋት ወረቀት ያደርሳል፣ ማታ ወረቀት ያመጣል። ራሰ በራው ላይ ካሉት መካከል ሽብሩ የሚባል የሚዛን ልጅ ነበር፤ የሽማግሌውን ድምፅ ከሩቅ ሲሰማ ሻይ ይጥዳል ይሉ ነበር። ኃይሉ ደግሞ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ለእናቱ በየሳምንቱ አንድ። የሚያወርድለት ማቴዎስ ነው።

ያቺ ቀን ሐሙስ ነበረች።

ንጋት ላይ ቃኚዎች ተመለሱ። ከባድ መሣሪያ ወደ ራሰ በራው መዞሩን፣ ከኋላውም እግረኛ መሰብሰቡን ተናገሩ። ሻምበል አዱኛ ስልክ አነሱ። መስመሩ ሞቷል። አንድ ወረቀት ቀደው ጻፉ፦ «እስከ ሦስት ሰዓት ለቃችሁ ውረዱ።» ማቴዎስ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከተተ። ቃፊሩ ሲያፈገፍግ የሚሸፍንበት ጥይት አልቆበት ስለነበር ሁለት ሣጥን የመትረየስ ጥይት በጀርባው አዘለ። እኔ ነኝ ገመዱን ያጠበቅሁለት።

«ከበደህ?» አልኩት።

«ሽማግሌው ነው የሚሸከመው፤ እኔ ምን አለብኝ» አለኝ።

ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ተነሳ። መንገዱ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ድምፁን በጆሯችን ተከተልነው። ሜዳውን ጨረሰ። ቁልቁለቱን ወረደ። ዳገቱን ሲጀምር ጉልበት ሲያወጣ ይሰማናል። ከዚያ ድምፁ ተቋረጠ። ሻምበል አዱኛ ሰዓታቸውን አዩ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው የመጀመሪያው የመድፍ ጥይት ራሰ በራው ላይ ወደቀ። አቧራው ሳይወርድ ሁለተኛው። ከዚያ መቁጠር ተውን።

በኋላ እንደሰማነው፣ ማቴዎስ ከኮረብታው ሁለት ኪሎ ሜትር ሲቀረው ወድቋል። የኋላ ጎማው ተንሸራተተበት። የትከሻ አጥንቱ ተሰበረ። ሣጥኖቹን ጥሎ፣ አንድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሮጠ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ድብደባው ከጀመረ ጥቂት ደቂቃ ሆኖት ነበር። ከድር የለም። ሽብሩ የለም። ኃይሉ ትንሽ ተነፈሰና እሱም አለፈ። የቀሩት አራቱ ከማቴዎስ ጋር ወረዱ። እሱንም በመጨረሻ ደጋግፈው ነው ያመጡት፤ ጀርባው ላይ ፍንጣሪ ገብቶ ነበር።

ከአራት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተዋጋን። ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስት ጊዜ መለስናቸው። መስመራችን አልተሰበረም። ምሽጉ ውስጥ ስምንት ሰው ሞተብን። አሥር ሰዓት ላይ ቁስለኞች ሲጫኑ ማቴዎስን በቃሬዛ አየሁት።

«ሽማግሌው ተጎዳ?» አለኝ።

«ተወው ሽማግሌውን።»

«እኔ ነኝ የጣልኩት፣ በየነ» አለ። ሌላ ነገር ሊጨምር አፉን ከፈተ፤ መኪናው ተንቀሳቀሰ።

በማግስቱ ጠዋት ሞተሩን ከዳገቱ ሥር አመጡልኝ። የኋላ ጎማው በዘይት ርሷል። ከሞተሩ ሥር ያለው ማሸጊያ ተገፍቶ ወጥቷል። ሰባራ ነገር ፈለግሁ፤ የለም። መጨረሻ ላይ ኮርቻውን ፈታሁ።

ቱቦው ተጨፍልቋል። የኮርቻው ሞላ ቅርፁን ጎማው ላይ አትሞበታል፤ ክብ በክብ። ያን ጊዜ ገባኝ። የቴፒው ሞተር ኮርቻ ሞላ አልነበረውም፤ ጋሽ ወልዴ የድሮውን ጥለው ጣውላ ላይ ስፖንጅ ሰፍተውለት ነበር። የዚህኛው ግን የፋብሪካው ነው፤ ሁለት ትልልቅ ሞላ አለው። ከባድ ነገር ሲቀመጥበት ሞላው ይወርዳል። ማቴዎስ ብቻውን ሲሆን ቱቦው ጋ አይደርስም ነበር። ሁለት ሣጥን አዝሎ ሲቀመጥ ደርሶ አፈነው። ሞተሩ መተንፈሻ ሲያጣ ዘይቱን በሥር ገፍቶ ጎማው ላይ አፈሰሰው። እኔ ደግሞ የሞከርኩት ሰው ሳይቀመጥበት ነው። ኮርቻው ባዶ ነበር።

ቱቦውን አውጥቼ በጭቃ መከላከያው ጎን፣ በድሮው ቀዳዳ፣ ሰንሰለቱ አጠገብ አወረድኩት። እንግሊዙ መንገዱን አበጅቶለት ነበር። ወንዝ በሌለበት አገር ውሃ የፈራሁት እኔ ነኝ።

ሻምበል አዱኛ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መዝገብ ይዘዋል።

«ሰውየው ነው ወይስ ሞተሩ?»

እጄ ላይ ያለውን ዘይት በጨርቅ ስጠርግ ጊዜ አገኘሁ። «ድንጋይ ነው፣ ሻምበል» አልኳቸው። «ጎማው ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ።»

ትንሽ አዩኝ። ጻፉና ሄዱ። እውነቱን ብናገር ምን ያደርጉኝ እንደነበር አላውቅም፤ ብዙም ላያደርጉኝ ይችሉ ነበር። የፈራሁት ቅጣቱን አልነበረም። የፈራሁት ከራሰ በራው የወረዱት አራቱ ሲሰሙ የሚያዩኝን አስተያየት ነው። ፈሪ ነበርኩ፤ ጥይት ሲመጣ ያልፈራሁ ሰው እዚህ ላይ ፈራሁ።

ጦርነቱ አለቀ። ተቀነስኩና ቴፒ ተመለስኩ። ጋሽ ወልዴ አርፈው አገኘኋቸው። መንገድ ዳር ትንሽ ጋራዥ ከፈትኩ። ጊዜው ተለወጠ፤ የሕንድና የቻይና ሞተር አገሩን ሞላው። ሥራ አልቸገረኝም። ማቴዎስ ከሆስፒታል ወጥቶ ሸኮ እንደገባ ሰምቼ ነበር። ቅርብ ነው። ዛሬ ነገ እያልኩ አሥራ አንድ ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን ከሸኮ ቡና ይዞ የመጣ ነጋዴ ሞተሩን ሊያሠራ ቆመ። ስንጫወት ማቴዎስን አነሳሁ።

«ያ ወታደሩ ማቴዎስ? እሱ እኮ ሞተር ላይ አይወጣም» አለኝ። «ከሸኮ ሚዛን በእግሩ ነው የሚሄደው። ና ተፈናጠጥ ስንለው፣ በኔ ምክንያት ሦስት ሰው ሞቷል ይላል። ጥሩ ሰው ነው፤ ትንሽ ነካ አድርጎታል መሰለኝ።»

የነጋዴውን ሞተር ሠርቼ ሸኘሁ። በማግስቱ ጋራዡን ዘግቼ በራሴ ሞተር ወደ ሸኮ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ የምናገረውን ስለማመድ ነበር። ጅረት ስሻገር ግን ረስቼው የቱቦዬን አፍ አያለሁ፤ ልማድ ነው።

ማቴዎስ ከቤቱ በላይ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ እሸት ቡና ያገላብጣል። ሸብቷል። አንድ ትከሻው ዝቅ ብሏል። አየኝና መጥቶ አቀፈኝ።

«ልነግርህ የመጣሁት ነገር አለ» አልኩት፤ ሰላምታው ሳያልቅ፤ ካልተቻኮልኩ እንደማልናገር አውቃለሁ።

ሰማዩን አየ። «ዝናብ መጣ። ቡናው ይሸፈን፣ ከዚያ ትናገራለህ» አለኝ።

ላስቲኩን በአንድ ጫፍ እሱ፣ በሌላው እኔ ይዘን ስድስት አልጋ ሸፈንን። ሲያልቅ ሁለታችንም ርሰን ነበር። የጎጆው ጥላ ሥር ቆመን ነገርኩት። ቱቦውን፣ ሞላውን፣ ባዶውን ኮርቻ፣ ለሻምበሉ የዋሸሁትን ድንጋይ፣ ሁሉንም። «አልጣልከውም። እኔ ነኝ የጣልኩህ» አልኩት።

ፊቱን ወደ ዝናቡ አዞረ። የሚቆጣኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

«ረቡዕ ማታ፣ በዋዜማው» አለ፤ «ለከድር ጀሪካን ውሃ በጀርባዬ አዝዬ ወስጄለት ነበር። ታስታውሳለህ?»

«አላስታውስም።»

«ስመለስ ቦት ጫማዬ ላይ ዘይት አየሁ። ቀኙ ላይ። ብዙ አይደለም። በአሸዋ አበስኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርህ ፈተህ ሁለት ቀን ታቆመው ነበር። እኔ ደግሞ በእግሬ መሄድ ሰልችቶኝ ነበር።» እጁን ጉልበቱ ላይ አሸ። «ይኸው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም። ያን ቀን ቁስለኛ መኪናው ላይ ሆኜ ልነግርህ ነበር፤ መኪናው ሄደ።»

አንድ ቃል ጥፋቱን ከአንዱ ወደ ሌላው ቢያሻግረው ኖሮ ያን ቃል የምንለዋወጠው ያኔ ነበር። አልተሻገረም። እኔ ያጠፋሁት እኔ ጋ ቀረ፣ እሱ ያጠፋው እሱ ጋ። ብቻ አንዱ የሌላውን አየው።

ባለቤቱ ገንፎ አቀረበች፤ በልተን አደርን። በነጋታው የሚዛን ገበያ ነበር። ማቴዎስ በትሩን ይዞ ለመንገድ ተነሳ።

«ላድርስህ» አልኩት።

«አይ፣ እኔ እንኳ …» ብሎ ጀመረና ተወው። በትሩን ከግድግዳው አስደግፎ ወደ ሞተሬ መጣ። ጎንበስ አለ። የመተንፈሻውን ቱቦ ከሞተሩ ሆድ ጀምሮ በጣቱ ተከተለው፤ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚያልፍ፣ አፉ የት እንደሚያበቃ። ከዚያ «አንተ መጀመሪያ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥኩ። እሱም ከኋላዬ ወጣ። ሁለታችንም ከብደን ከተቀመጥን በኋላ እጁን በመቀመጫው ሥር አሳልፎ ዳበሰ።

«አስነሳው» አለ።

አስነሳሁት። እጁን ቱቦው አፍ ላይ ይዞ ትንሽ ቆየ።

«ይተነፍሳል» አለኝ። «ሂድ።»

ወደ ሚዛን ተጓዝን። ከመጨረሻው ጅረት በኋላ መዝሙር ሲጀምር ሰማሁት፤ በጣም ቀስ ብሎ።

ያን ሐሙስ ከሻምበላችን አሥራ አንድ ሰው ሞቷል። ስምንቱ ከምሽጉ ናቸው፤ እነሱን ከጓደኞቼ ሁሉ ጋር እቆጥራቸዋለሁ። ሦስቱ፣ ከድር፣ ሽብሩና ኃይሉ፣ የራሰ በራው ናቸው። እነሱን አሥራ አንድ ዓመት ለብቻዬ ቆጥሬአቸዋለሁ። ማቴዎስም ሸኮ ላይ ሆኖ ለብቻው ሲቆጥራቸው ነበር። አሁን በዓመት አንድ ጊዜ እሱ ይመጣል ወይ እኔ እሄዳለሁ። ስማቸውን አንድ ጊዜ ጮክ ብለን እንጠራለን፣ ከዚያ ስለ ቡና እናወራለን። ሦስት መሆናቸው አልቀነሰም። የምንቆጥራቸው ግን ሁለት ሆነናል።